ቀበቶው ይጠብቃል

ጋሼ ወንዳፍራሽ ሞተው ሲገኙ ቀበቷቸውን አስረው ነበር።

መርማሪ ራኬብን ያንገበገባት ይሄው ነው። ቀበቶ ሳያስር የሞተ ሰው ብዙ አይታለች፤ ለእነዚያ ሬሳዎች የምትለው አላት። ወገቡንም ትከሻውንም በወጉ ቆልፎ የሞተን ሰው ግን ምን ይሉታል?

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ባልድዊን ሂልስ ከሚባለው ኮረብታማ ሰፈር ቁልቁለት ግርጌ የ1967ቱ ቀይ ቮልስ አፍንጫውን የድንጋይ ግንብ ውስጥ ቀብሮ ቆሟል። ሽማግሌው በፊት መስታወቱ አልፈው ግማሽ አካላቸው ኮፈኑ ላይ ተደፍቷል። የእሽቅድምድም መኪና ላይ የሚገጠመው ባለ አራት ክንድ ቀበቶ ደረታቸው ላይ እንደተቆለፈ ነው። አራቱ ጫፎች ግን ምንም አልያዙም፤ እንደ ተበጠሰ ልጓም ከኋላቸው ተንጠልጥለዋል።

ሁለቱ የፊት ወንበሮች አዲስ ናቸው። የቮልሱን ከባድ ወንበር አንስቶ በምትኩ በአንድ እጅ የሚነሳ፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት የቀለለ ወንበር የገጠመ ሰው አለ። ወንበሮቹ ከወለሉ ንቅንቅ አላሉም። የተነቀለው ቀበቶው ብቻ ነው።

መሪው ላይ የወረቀት ፕላስተር ተጠምጥሟል፤ በላዩ በጥቁር ማርከር የተጻፈ አማርኛ አለ።

«ያንቺ ቋንቋ አይደል?» አላት ቀድሟት የደረሰው የትራፊክ ፖሊስ።

ራኬብ በጓንት ከመሪው ጀርባ ጀምራ ፕላስተሩን ላጠችውና ዘርግታ አነበበችው።

ወንበሮቹ ታስረዋል። ቀበቶው ይጠብቃል።

እዚያው ቆማ በማስታወሻዋ ላይ ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠችው። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም። ከዚያ የተንጠለጠለውን ማሰሪያ ቀና ብላ አየችና ደሟ ፈላ። ጠብቆ ነው እንግዲህ ይሄ?

*

ጋራዡ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ከሚበዙበት ከፌርፋክስ መንገድ ጀርባ ባለ ቀጭን መተላለፊያ ውስጥ ነው። ከሬስቶራንቶቹ የኋላ በር የሚወጣው የሽንኩርት ሽታና የሞተር ዘይት እዚያ ይገናኛሉ። በዝግ ቀኑ ተጠርቶ የመጣው መካኒክ ተስፋሁን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ኮሪያታውን ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ይጋራል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያረገዘው የጥገኝነት ቀጠሮ የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ይህን የነገራት ገና ስሙን ስትጠይቀው ነው፤ እንደ ማዕረግ አድርጎ።

ፕላስተሩን በላስቲክ እንደታሸገ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ይሄን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ዓርብ ከሰዓት፣ ከመውጣቴ በፊት።»

«ብሎኖቹን አይቻቸዋለሁ ተስፋሁን። በጣት የገቡ ናቸው። ብሎኑን የሚቆልፈው ዳዶ ሁለት ጥርስ ብቻ ነው የያዘው። ከወለሉ ሥር የሚደግፈው ብረትም የለም።»

«አውቃለሁ። በጣት ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። የድሮ መኪና ወለል ስስ ነው፤ ከሥር ብረት ካልተደገፈ ቀበቶ አይሸከምም። ብረቱ ሰኞ ነው የሚመጣው። ቦታቸው እንዳይጠፋብኝ ለጊዜው ሰካኋቸው።»

«ለጊዜው።»

«ለጊዜው ነው እንጂ። ለጋሼ የእህት ልጅ፣ ለአምላኩም ነግሬዋለሁ። ዓርብ እዚሁ መጥቶ ነበር። ነግሬም ጽፌም ነበር የወጣሁት።»

«የጻፍከውንማ አየነው።»

ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ራኬብ ግን ጆሮዋን ዘግታ ነበር። ለጊዜው የምትባለዋን ቃል እንደ ጠላት ታውቃታለች። ለጊዜው በሽቦ የታሰረ የጭስ ማውጫ፣ ለጊዜው በፕላስተር የተለጠፈ የጋዝ ቱቦ፣ ለጊዜው ያለ ቀበቶ እናቱ ጭን ላይ የተቀመጠ ሕፃን። ቀብሩ ላይ ደግሞ «ቀኑ ደርሶ ነው» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። ቀን አይደለም የደረሰው። ዳዶ ነው ያልደረሰው።

«ጋራዡ ቅዳሜ ዝግ ነው» አለችው። «መኪናውን ማን ሰጣቸው?»

«የጋራዡ ቁልፍ አላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ውጭ የድሮ መኪና ይሽቀዳደማሉ፤ ለዚያ ነው ወንበሩን ቀላል ያደረግነው። ከጋራዥ መኪና ባወጡ ቁጥር ደግሞ መጀመሪያ ባልድዊን ሂልስ ወጥተው፣ ቁልቁለቱን ለቀውት ፍሬኑን ባንዴ ይረግጡታል። ‹ፍሬን ያልቀመሰ ሥራ ሥራ አይደለም› ይላሉ። ፌርፋክስ ላይ ይሄን የማያውቅ የለም።» የታሸገውን ፕላስተር አየ። «አንድ ሰው ደህና ነው ሳይላቸው እንዴት ይረግጡታል? ሞኝ አልነበሩም እኮ።»

*

አምላኩን ሳንታ ሞኒካ አገኘችው፤ አንድ ትልቅ ሆቴል በር ላይ የእንግዶች መኪና የሚያቆም ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ቀይ ሰደርያ የለበሰ፣ ዓይኑ ያበጠ። ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት ጋሼ ወንዳፍራሽ ናቸው።

«ዓርብ ጋራዡ ሄደህ ነበር?»

«ኖ። ዓርብ ከዋን እስከ ናይን እዚሁ ነበርኩ። ካርዴን ቼክ አድርጊው።»

«ተስፋሁን ነግሬዋለሁ ይላል።»

«ሶ ምን ይበልሽ? ሰው ገድሎ ‹ነግሬ ነበር› ካላለ ምን ሊል ነው? እኔ ተስፋሁንን ካየሁት ሳምንት አልፎኛል።» አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ስንቴ ለምኜዋለሁ መሰለሽ፣ ጋሼ በቃህ፣ አርጅተሃል፣ ይሄን መኪና ሽጠው እያልኩ። አይሰማም። ዕድሜውን በሙሉ የሰው ምክር አይሰማም።»

የሆቴሉ የሰዓት መመዝገቢያ አላወላወለም። የአምላኩ ካርድ ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ገብቷል፤ ማታ ከዘጠኝ በኋላ ወጥቷል። ራኬብ ብሎኖቹ ርካሽ ይሆኑ እንደሆነ ብላ ላብራቶሪ ላከቻቸው። መልሱ ሰኞ መጣ፦ ብሎኖቹ ጤነኛ ናቸው፤ ያላጠበቃቸው ሰው ነው።

ማክሰኞ ቃለ መሐላዋን ጻፈች። አናቱ ላይ የፕላስተሩን ትርጉም በእጇ አሰፈረች፦ መካኒኩ ቀበቶው ጥብቅ መሆኑን ለሟች በጽሑፍ አረጋግጧል፤ አለመሆኑን ግን ያውቅ ነበር። ፈረመች። ከጠረጴዛዋ ጥግ፣ ሁለት ዓመት እዚያው የተሰካ ፎቶ ያያታል፤ አንዲት ሴት፣ አንድ ጆሮዋ ላይ ብቻ ባለ መስቀል የወርቅ ጉትቻ። እንደ ልማዷ ዓይኗን አሸሸችው።

ተስፋሁን ከሰዓት በኋላ ታሰረ። ጠበቃው ስልክ ደውሎ የነገራት አንድ ነገር ነው። «ሐሙስ ሳምንት ዳኛ ፊት ካልቆመ በሌለበት ይወሰንበታል። ከዚያ በኋላ አገር የለውም።»

«ሟቹም የለውም» ብላ ዘጋችበት።

*

ለቅሶው ቤት አርባ ሰው ይኖራል። በተዘጋው በር ውስጥ ሁሉም ስለ ተስፋሁን ያወራል፤ ራኬብ ስትገባ ሁሉም ዝም ይላል። ይህን ዝምታ ታውቀዋለች። ለፖሊስ የማይናገር፣ ለጎረቤት የሚተርፍ አፍ።

እትዬ ወርቅውሃ፣ የሟች ባለቤት፣ ወደ መኝታ ቤቱ ይዘዋት ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ጋሼ መሪው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብበውታል ብለው ያስባሉ?»

«በምናቸው? ሩቅ እንደ ንስር ያያሉ፤ ቅርብ ፊደል ግን ጉም ነው። የዓይን ሞራቸውን በወሩ መጨረሻ ሊያስወጡ ነበር። ጽሑፍ ሲያጋጥማቸው በስልካቸው ፎቶ አንስተው በቫይበር ይልኩታል፤ በድምፅ ይነበብላቸዋል።»

«ለማን ነው የሚልኩት?»

«ለተገኘው። ለአምላኩ፣ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች፣ አንዳንዴም ለዚያ ለመካኒኩ።»

ስልኩ ተሰባብሮ ከሬሳው ጋር ነበር የተገኘው፤ ላብራቶሪ ከገባ ቀናት አልፈዋል። ራኬብ ለመሄድ ስትነሳ አሮጊቷ እጇን ያዟት።

«ቁጭ በይ። ሞታቸው ከዚህ ጋር ይገናኝ አይገናኝ አላውቅም። ሐሙስ ከጋራዥ ሲመጡ እህል አልቀመሱም። ይሄን መሳቢያ ውስጥ ከተው ‹እስከ እሁድ ሰጥቼዋለሁ፤ ራሱ ካልሄደ እኔ እሄዳለሁ› አሉ። ማን ነው ስላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።»

ከመሳቢያው ባወጡት መሀረብ ውስጥ የተፈረካከሰ የመስታወት ብናኝ አለ። ብናኙ መሀል ባለ መስቀል የወርቅ ጉትቻ።

ራኬብ ጎንበስ ብላ አየችው። ጉትቻውን ታውቀዋለች፤ ጥንዱን በጠረጴዛዋ ፎቶ ላይ ሁለት ዓመት ስታየው ኖራለች። ዘቢደር ትባል ነበር፤ ፌርፋክስ ላይ ሳህን የምታጥብ ሴት። ንጋት ላይ መንገድ ስታቋርጥ አንድ መኪና ኮፈኑ ላይ አውጥቶ፣ መስታወቱን በጭንቅላቷ ሰብሮ፣ ጥሏት ሄደ። ፋይሉ የራኬብ ነበር። ሦስት ሳምንት ሠራችበት፤ ከዚያ ሌላ ሬሳ መጣ። ዘመድ የላት፣ የሚጮህላት የለ። ሥራ ቦታዋ ላይ የሚበላው ሕዝብ ለነፍሷ ሻማ አበራ፤ ለፖሊስ ግን ማንም አልደወለም።

«እትዬ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት መኪናውን ማን ነበር የሚነዳው?»

«ሁለት ዓመት… ወንድማቸው ሞቶ አገር ቤት ሄደን ነበር። መኪናው ጋራዥ ነበር የቀረው መሰለኝ።»

ጋራዥ። ራኬብ የመኪናዋን በር ዘጋች። አንድ ሰው አይደለም እንግዲህ፤ ተስፋሁን ሁለት ነው የገደለው።

*

በሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ተስፋሁንን ልታየው እስር ቤት ሄደች። ለሐሙሱ ቀጠሮ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ፂሙ አድጓል፤ ጉትቻውን ሲያይ ግን አልደነገጠም።

«ይሄ ከአሮጌው ወንበር ሥር የወጣው ነው። ሐሙስ ወንበሩን ስናነሳ ከሐዲዱ መሀል ወደቀ። ጋሼ ‹ይሄ መስታወት ተሰብሮ ያውቃል እንዴ?› ብለው ጠየቁኝ። እኔ ምን አውቄ? እዚህ ጋራዥ ከገባሁ ዓመት አልሞላኝም።»

«የዛሬ ሁለት ዓመት የት ነበርክ?»

«ፊኒክስ። የዶሮ ፋብሪካ። ወረቀቱ ጠበቃዬ ጋ አለ።»

እውነት ይመስላል፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ቃለ መሐላዋን ከፍታ ፊት ለፊቱ ዘረጋችው። «ተስፋሁን፣ ሰውየው ፍሬን እንደሚረግጥ እያወቅክ፣ ብሎኑ በጣት መሆኑን እያወቅክ፣ ቀበቶው ይጠብቃል ብለህ ጻፍክለት። ምን አድርጎህ ነው?»

ተስፋሁን ከንፈሯን አተኩሮ አየ።

«ድገሚው።»

«ምኑን?»

«እኔ ጻፍኩት ያልሽውን። ድገሚው።»

«ቀበቶው ይጠብቃል።»

ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። ትከሻው ሲነቃነቅ የሚያለቅስ መሰላት፤ ቀና ሲል ግን እየሳቀ ነበር፣ ደስታ የሌለበት ሳቅ።

«በዚህ ነው ያሰርሽኝ? አማርኛ ስንተኛ ክፍል ላይ አቆምሽ?»

«አምስተኛ።»

«ብን አጥብቂያት። ይጠ-ብ-ብ-ቃል። ወንበሮቹ ታስረዋል፤ ቀበቶው ቆሞ ይጠብቃል። ብረቱ እስኪመጣ። አንቺ ብን አላልተሽ እንደ ክር፣ እንደ ቋጠሮ አነበብሽው። እኔ እንደዚያማ አልጻፍኩም።»

ራኬብ ጆሮዋ ሲግል ተሰማት። የአምስተኛ ክፍል አስተማሪዋ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ኖራ እየቆረሰ ላልቶና ጠብቆ የሚነበቡ ቃላት ሲያስተምር፣ እሷ ወደ አሜሪካ ለምሄድ ልጅ ምን ያደርግልኛል ብላ በመስኮት ታይ ነበር። እንግዲህ ይሄን ያደርግላት ነበር። ፊደሉ አንድ ነው፤ ምልክት የለውም፤ አንባቢው ነው የሚመርጠው። ብ ስትላላ ቀበቶው ይጠብቃል። ብ ስትጠብቅ ቀበቶው ላልቶ ይቀራል።

ከዚያ ሌላ ነገር ገባት። እሷ በዓይኗ አንብባ ተሳስታለች። ጋሼ ወንዳፍራሽ ግን በዓይናቸው አላነበቡም። ያነበበላቸው ሰው አለ። በድምፅ የሚያነብ ሰው ደግሞ የግድ ይመርጣል።

*

የስልኩ ይዘት ረቡዕ ጠዋት ደረሰ። ከሰዓት በኋላ አምላኩ ከፊቷ ተቀምጦ ነበር፤ በራሱ ፈቃድ፣ ሰደርያውን እንደለበሰ።

ፎቶ አሳየችው። መሪ፤ መሪው ላይ የተጠመጠመ ፕላስተር፤ ቅዳሜ ጠዋት የተነሳ። «ጋሼ ላንተ ነው የላኩት። አንብብልኝ።»

«ቀበቶው ይጠብቃል።» ብን አላልቶ፣ ሳያመነታ። «ሶ? እንደዚህ ነው የሚነበበው። አንቺስ እንደዚህ አይደል ያነበብሽው? ተስፋሁንን በዚያ አይደል ያሰርሽው? ፌርፋክስ ሁሉ ያውቀዋል።»

«ልክ ነህ። ተሳስቻለሁ።»

«ሶ እኔም ተሳሳትኩ። መሳሳት ክራይም ነው እንዴ?»

«አይደለም።» ስልኩን ነካችው። የአምላኩ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ የለሰለሰ፣ የቤት ልጅ ድምፅ።

‹ጋሼ፣ ወንበሮቹ ታስረዋል፣ ቀበቶውም ይጠብቃል ነው የሚለው። አሪፍ አድርጎ ሠርቶልሃል። ኦኬ? እንደ ልብህ ድራይቭ አድርገው።›

«ታዲያ?» አለ አምላኩ።

«ፎቶው ላይ ‹ወንበሮቹ ታስረዋል› የሚለውን አሳየኝ።»

ፎቶውን በሁለት ጣቱ አሰፋው። ወደ ግራ ወሰደው፤ ወደ ቀኝ ወሰደው። ቀበቶው ይጠብቃል ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም።

«ፕላስተሩ መሪው ላይ የተጠመጠመ ነው» አለች ራኬብ። «‹ወንበሮቹ ታስረዋል› የሚለው በጀርባው በኩል ነው የዋለው። እኔ ራሴ ያየሁት ከላጥኩት በኋላ ነው። አንተ ሳንታ ሞኒካ ሆነህ የመሪውን ጀርባ በምን አየኸው?»

አምላኩ ወደ ስልኩ አቀረቀረ። ፎቶውን ብቻ ያሰፋል፤ ፊደሎቹ እስኪደበዝዙ።

«ተስፋሁን ሲጽፈው አጠገቡ ቆመህ ነበር። ቀበቶው እንዳልታሰረ በአፉም ነግሮሃል። ካርድህን ማን መታልህ?»

«ፍሬአብ።» የሥራ ባልደረባው ነው። ድምፁ ወርዶ ሹክሹክታ ሆነ። «እሱ ምንም አያውቅም። ጋራዡ የሄድኩት ያቺን ነገር ፍለጋ ነበር፤ ጉትቻዋን። ተስፋሁን ስለ ቀበቶው ሲያወራ ልብ ብዬ አልሰማሁትም ነበር እኮ። በነጋታው ጋሼ ፎቶውን ሲልክልኝ ነው ትዝ ያለኝ። እኔ ወደ እሱ አልሄድኩም። ራሱ ነው የላከልኝ።»

«ራስህ ፖሊስ ጋ እንድትሄድ እስከ እሁድ ሰጥተውህ ነበር።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልጠየቀኝም» አለ፤ ፊቱ ላይ የነበረው እውነተኛ ግርምት ነው። «ጋሼ አገር ቤት ሳለ መኪናውን ከጋራዥ ያወጣሁት እኔ ነኝ። መስታወቱን አስቀየርኩ፤ ድንጋይ ነው አልኩ፤ ሁሉም አመነኝ። አንቺም አልመጣሽም። በየቀኑ ፖሊስ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ከዚያ ተውኩት። ሶ ለምን አሁን?» ቀና አለ። «ደግሞ አልነካሁትም። አንዲት ብሎን አልነካሁም። ጻፊው እሱን።»

«እጽፈዋለሁ። የነካኸው አንዲት ፊደል ነው።»

አንቺም አልመጣሽም ያለውንም ጻፈችው። ሊሰረዝ የሚገባው አልነበረም።

*

የእስር ቤት ወረቀት ከሰው ቀስ ይላል። ራኬብ ረቡዕ ማታ ያስገባችው የመፍቻ ትእዛዝ ሐሙስ ጠዋት ፊርማ ሲጎድለው፣ ፊርማው ሲመጣ ማኅተም ሲጎድለው፣ ተስፋሁን ከበሩ የወጣው ቀጠሮው ካለፈ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። ራሷ ልታደርሰው መኪናዋን አስነስታ ትጠብቅ ነበር።

ተስፋሁን ከጎኗ ተቀመጠና ቀበቶውን ሳበ። ወዲያው አልቆለፈውም። ሁለት ጊዜ ነጠቅ አድርጎ ሞከረው፤ ጎንበስ ብሎ ሥሩን በጣቱ ነካ። ከዚያ ቆለፈ።

«ለጊዜው ነበር እኮ» አለ፣ ለመስኮቱ። «ማውጣት ነበረብኝ። ቀበቶውን አውጥቼ መደርደሪያ ላይ ብጥለው ኖሮ ምንም ባልጻፍኩ።»

ራኬብ ዋሽታ ልታጽናናው አልፈለገችም። «አዎ» አለችው።

ፍርድ ቤቱ አዳራሽ ሲደርሱ ዳኛው ወደ ሌላ ፋይል አልፈዋል። የመዝገብ ቤቷ ሴት ከመስታወት ኋላ ሆና ስሙን ፈለገች፤ አገኘችው፤ በሌለበት ተወስኗል። እንደገና ለማስከፈት ማመልከት ይችላል አለች፤ ያልቀረበበትን ምክንያት የሚያሳይ ማስረጃ ካለው። ራኬብ ቦርሳዋን ከፈተች። የነበራት ማስረጃ አንድ ነው፤ ተስፋሁንን ያሰረችበት ቃለ መሐላዋ። የትርጉሙን መስመር በቀይ ሰርዛ ከጎኑ «ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ በስህተት ነው ያነበብኩት» ብላ ፈርማበታለች። በመስታወቱ ሥር አሾለከችው። ሴትዮዋ በዝግታ አነበበች፤ ማኅተም መታች፤ ወራትም ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም በላይ፣ እስከዚያው የመባረሩ ትእዛዝ ሳይነሳም ሳይፈጸምም ባለበት ይቆያል አለች።

ተስፋሁን እንግሊዝኛውን አልጨረሰውም። ፊቱን ወደ ራኬብ አዞረ።

«ምን አለች?»

«ፋይሉ ይጠብቃል አለች።»

ከንፈሯን አየ፣ እንደዚያን ቀን።

«በየትኛዋ ብ?»

«በሁለቱም» አለችው።